ጉልበቱ የማይንቀጠቀጥ ጀግና

«ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ በተነሳ ቁጥር በዛብህን የሚያማ አንድ ሰው አይጠፋም። «ምን ዓይነት ወንድ ነው? ፊታውራሪ መሸሻ ሊያስገድሉት መሆኑን ሲሰማ ልጃቸውን፣ ፍቅረኛውን፣ ጥሏት እብስ አለ!» ይላል። ሌላው ይቀበለዋል፤ «እሷ ትሻላለች፤ መነኩሴ መስላ ብቻዋን ተከተለችው።» በዛብህ ቦቅቧቃ ይባልና መዝገቡ ይዘጋል።

ይህን ፍርድ ስሰማ ትዝ የሚሉኝ ደራሲው ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ጦርነትን በወሬ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። በፋሽስት ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘምተዋል፤ ኋላም ተማርከው ጣሊያን አገር በግዞት ዓመታት አሳልፈዋል። እኚህ ሰው በ1958 ዓ.ም. ልብ ወለዳቸውን ሲያሳትሙ ደረታቸውን የሚነፉትን ባላባት መሳቂያ፣ የሚፈራውን የድሃ ልጅ ደግሞ የልባችን ሰው አድርገው ሰጡን። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮቻቸውን ሊቀጡ ፎክረው ይወጣሉ፤ የሚማረኩት ግን እሳቸው ናቸው። ይህ እንዲያው የሆነ ነገር አይመስለኝም። የጥይት ፉጨት በጆሮው ያለፈ ሰው ፍርሃትን አይንቅም። ፍርሃትን የምንንቀው ሳሎን ተቀምጠን የምናነበው እኛ ነን።

ጠቤ ከዚህ ንቀት ጋር ነው። በታሪክ ቴአትሮቻችን፣ በፊልሞቻችን፣ በየመታሰቢያ በዓሉ በሚነበቡ ግጥሞች አንድ ዓይነት ጀግና ብቻ ይመላለሳል። አይፈራም፣ አያመነታም፣ ምራቁ አይደርቅም። ጀግንነቱም የሚረጋገጠው ሲሞት ነው። የሞተ ጀግና፣ የተረፈ ጠርጣራ፣ የሸሸ ፈሪ፤ ሚዛኑ ይኸው ነው።

ይህ ሚዛን በገዛ ሀብታችን ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት የፀጋዬ ገብረመድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለ ግጥም መውሰድ ይበቃል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሽስት ጥይት ተገደሉ። ገጣሚው የመረጠው ግን ጥይቱን አይደለም፤ ከጥይቱ በፊት ያለችውን ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ጳጳሱ እመ ብርሃንን ይጣራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ብርታት ይለምናሉ። ጸሎት ነው። ብርታት የሚለምን ሰው ደግሞ ብርታቱ እንደሚጎድለው የሚያውቅ ሰው ነው። መድረክ ላይ ሲቀርብ ግን ስንት ጊዜ ሰማሁት፣ ተዋናዩ ከመጀመሪያዋ ቃል አንስቶ ይጮኻል! የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ክንዱ ወደ ጣሪያ ተወርውሮ፣ ጸሎቱን በፉከራ ይወጣዋል። ጭብጨባው ይቀልጣል። ጴጥሮስ ግን አልታዩም፤ ያየነው ሐውልታቸውን ነው።

«ወኔ የሚቀሰቅስ ነገር አያስፈልግም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያስፈልጋል። ሽለላና ቀረርቶ ያለ ምክንያት አልተፈጠሩም። ነገር ግን ሽለላ ራሱ የፍርሃት መድኃኒት ነው፤ የማይፈራ ሰው ምን ሊያደርግለት ይሸልላል? አባቶቻችን መድኃኒቱን የሠሩት በሽታውን ስለሚያውቁት ነው። እኛ በሽታው የለም እያልን መድኃኒቱን እንቅማለን።

ጉዳቱ በኪነ ጥበብ ብቻ ቢቀር ባልጻፍኩ። «ጎመን በጤና» የፈሪ፣ ቀረርቶ የጀግና ቋንቋ ነው ብለን ለያይተን እናያቸዋለን። ለእኔ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጀግንነት መሞት ብቻ ከሆነ፣ ዛሬ የሚያስሞት ነገር ካልገጠመኝ ከእኔ ምን ይጠበቃል? ምንም። ሐውልቱ ሥር አበባ አስቀምጬ፣ አጨብጭቤ፣ ወደ ጎመኔ እመለሳለሁ። ሚዛኑን ሞት ላይ የሰቀልነው፣ ሳንወድ በግድ ሳይሆን ወደን፣ እንዳይደርስብን ነው።

አንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ያየሁትን ልናገር። የዓመቱ ሒሳብ ተነበበ። አንድ ወጪ ሁለት ቦታ መግባቱ ለሰማ ሁሉ ግልጽ ነበር፤ ሆኖም ሁሉም ጫማውን ያያል። በየዓድዋ በዓል ጎፈር ደፍቶ የሚሸልል ጎረቤታችንም ጫማውን ያያል። እኔም የራሴን አየሁ። ሊቀመንበሩ «እንግዲህ ከጸደቀ...» ሲሉ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ከኋላ ተነሱ። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቅልለው ይዘውታል፤ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። «ይቅርታ ልጆቼ፤ እኔ ቁጥር ብዙም አላውቅ። የድንኳኑ ብር ግን ሁለት ጊዜ የተጠራ መሰለኝ» አሉ። «እማማ፣ ይቀመጡ፤ እናየዋለን» ተባሉ። አልተቀመጡም። ሒሳቡ እንደገና እስኪነበብ ቆመው ቆዩ፤ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ነበር። ሲቀመጡ ግንባራቸውን በነጠላው ጠረጉ። ቀረርቶ የሚያወጣላቸው የለም፤ አልሞቱማ።

ሙግቱ የቆየ ነው፤ ፕላቶ «ላኬስ» በሚለው ድርሳኑ ሶቅራጥስን ከሁለት የጦር አዛዦች ጋር ያከራክረዋል። «ድፍረት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ አዛዥ፣ ላኬስ፣ የሚሰጠው መልስ የእኛው ነው፤ ደፋር ማለት ከቦታው ሳይነቃነቅ ጠላትን የሚገጥም ነው። ሶቅራጥስ እየሸሹ የሚዋጉትን የእስኩቴስ ፈረሰኞች ያነሳበታል። ቀጥሎም ጥያቄውን ከጦር ሜዳ አውጥቶ በበሽታ፣ በድህነትና በአገር ጉዳይ ፊት ስለሚታይ ድፍረት ይጠይቀዋል። ላኬስ ራሱ ሶቅራጥስን ያደነቀው አቴናውያን ከዴልዮን ጦር ሜዳ ሲያፈገፍጉ በነበረው አኳኋን ነው፤ በሽሽት ላይ! ክርክሩ መልስ ሳያገኝ ያበቃል። እኛ መልሱን አግኝተናል ብለን ሐውልት እናቆማለን።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሃይ ኑን» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ላይ ጋሪ ኩፐር የሚጫወተው የከተማ ሕግ አስከባሪ፣ ሊገድለው የሚመጣው ሰው በእኩለ ቀን ባቡር እንደሚደርስ ይሰማል። መጀመሪያ ከሙሽራው ጋር ከከተማዋ ይወጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያኑንም መጠጥ ቤቱንም እየዞረ እርዳታ ይለምናል፤ የሚከተለው የለም። ፊቱ ላብ ነው፤ ኑዛዜውን ይጽፋል። ከዚያም ብቻውን ይወጣል። ሌላው ዳይሬክተር ሃዋርድ ሆክስና ተዋናዩ ጆን ዌይን ይህን አልወደዱትም፤ ጥሩ ሕግ አስከባሪ ሰው ደጅ እየዞረ አይለምንም ባዮች ነበሩ። በ1959 እ.ኤ.አ. «ሪዮ ብራቮ»ን ሠርተው መለሱለት። ሸጋ ፊልም ነው። ሆኖም የ«ሃይ ኑን»ን የፊልም ጽሑፍ ያዘጋጀው ካርል ፎርማን ያን ጊዜ ራሱ በኮሙኒስትነት ተጠርጥሮ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ተጠርቶ፣ የጓደኞቹን ስም አልሰጥም ብሎ፣ ከአገሩ ለመውጣት የተገደደ ሰው ነው። ደጅ የሚዘጋበትን ሰው ላብ የጻፈው ከራሱ ግንባር ቀድቶ ነው።

«ደራሲው በዓሉ ግርማስ፣ ጀግና አይደለም ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አልሸሽም። በዓሉ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለ ልብ ወለዱን አሳተመ፤ ሥራውን አጣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። እኛ የምናወራው መጥፋቱን ነው። ጀግና ያደረግነውም ስለጠፋ ነው። እሱ ግን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ የደርግን ሥርዓት ከውስጥ አገልግሏል፤ ዋና ገጸ ባሕሪውንም የፕሮፓጋንዳ ሰው አድርጎ፣ ከነድክመቱና ከነማመንታቱ ጻፈው። ድፍረቱ ያለው በየካቲቷ ምሽት ሳይሆን እያንዳንዱን ገጽ ሲጽፍ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው። ያ ወንበር ለሁላችንም የቀረበ ስለሆነ ስለ እሱ ማውራት አንወድም።

ደራሲዎቻችንንና የፊልም ሰዎቻችንን የምለምነው ብዙ አይደለም። ፈሪ አሞግሱ አላልኩም። የሚፈራ ሰው ጻፉ፤ ፈርቶም የሚያደርገውን አሳዩን። በዚህ ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ያንን የጴጥሮስ ግጥም የሚያነብ ተዋናይ ካለ ደግሞ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ጀምር። እመ ብርሃንን የሚጣራ ሰው ቅርቧ እንደሆነ ያምናልና አይጮኽም። አዳራሹ ጸጥ ይበል። የአንድ ሰው ትንፋሽ ሲቆራረጥ እንስማ፤ ከዚያ ምናልባት በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ጫማችንን ከማየት ቀና እንል ይሆናል።