ኮዴይንና ትራማዶል፦ አንድ ክኒን ለሁሉም ሰው አንድ መጠን የማይሆነው ለምንድን ነው?

ኮዴይንና ትራማዶል ለሕመም ማስታገሻነት ለረጅም ዘመን ያገለገሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ኮዴይን በአንዳንድ የሳል ሽሮፖች ውስጥም ይገኛል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ለሕመምም ሆነ ለሳል፣ ትራማዶል ደግሞ ለሕመም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ከልክሏል። የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አሳስቧል። ጉዳዩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችን በተለይ ይመለከታል። ምክንያቱን ለመረዳት መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ እንመልከት።

ከጉበት እስከ አንጎል

በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ሕዋሳት ላይ የኦፒዮይድ ተቀባዮች የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሞርፊን በእነዚህ ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ የሕመም ስሜት ይቀንሳል። ተመሳሳይ ተቀባዮች ትንፋሽን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም ስላሉ፣ መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽ ይዘገያል፤ ሊቆምም ይችላል።

ኮዴይን ራሱ በተቀባዩ ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው። ሕመም የሚያስታግሰው በዋነኛነት ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም ይበልጥ ጠንካራ ወደሆነ ውህድ ይቀየራል።

የኢንዛይሙን አቅም በዋናነት የሚወስነው ከወላጆች የሚወረሰው ዘረ-መል ነው። የሚሠራ ኢንዛይም የሌለው ሰው ኮዴይን ቢወስድም ሕመሙ ብዙም አይቀንስለትም። የዘረ-መሉን ተጨማሪ ቅጂ የወረሰ ሰው ደግሞ በተለመደው መጠን እንኳ ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ሊያመርት ይችላል።

ኢትዮጵያውያንን ለምን ይመለከታል?

እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህ ዘረ-መል ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። በሰሜን አውሮፓ ይህ ቁጥር ከጥቂት በመቶ አይበልጥም። በአሜሪካ ቀደም ሲል ከኮዴይን ጋር ይሰጥ የነበረው መግለጫም ፈጣን ቀያሪዎች በአፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ 3 በመቶ፣ በሰሜን አፍሪካውያን፣ በኢትዮጵያውያንና በዓረቦች ዘንድ ግን ከ16 እስከ 28 በመቶ እንደሚሆኑ ይጠቅስ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በሕክምና ቅጽ ላይ «ጥቁር» ተብሎ ብቻ ቢመዘገብ፣ ሐኪሙ አደጋውን ከእውነተኛው አሳንሶ ሊገምት ይችላል። የቆዳ ቀለም ስለ ጉበት ኢንዛይም የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው።

ዘረ-መል ብቻውን ግን ሁሉንም አይወስንም። ስዊድንና ኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ያነጻጸረ ጥናት፣ ዘረ-መላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ኢትዮጵያ ያሉት ኢንዛይም ዝግ ብሎ እንደሚሠራ አሳይቷል፤ አካባቢም ድርሻ አለው ማለት ነው። እንደ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም ኢንዛይሙን ያግዱታል።

መፍትሔው ምንድን ነው?

የዘረ-መል ምርመራ በየጤና ጣቢያው እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የልጆች ሕመም መመሪያ ኮዴይንን ከደረጃው አውጥቶ፣ ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን፣ ለከባድ ሕመም ደግሞ እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ መድኃኒቶችን አስቀምጦ ነበር። ሞርፊን ከኮዴይን ይበልጥ የሚያስፈራ ስም ቢኖረውም ይህን የኢንዛይም ለውጥ አይጠብቅም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚሰጠውን መጠን ያውቀዋል፤ በኮዴይን ግን መጠኑን የሚወስነው የታካሚው ጉበት ነው።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ለልጅዎ የሳል ሽሮፕ ወይም የሕመም ማስታገሻ ሲገዙ ኮዴይን ወይም ትራማዶል እንዳለበት ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።
• ለአዋቂ የታዘዘ ማስታገሻን ከፍለው ለልጅ አይስጡ።
• የሚያጠቡ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት ኮዴይን ወስደው ከልክ በላይ ካደነዘዘዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ።
• ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ ለረጅም ጊዜ ሲወስዱት የቆዩትን መድኃኒት በድንገት አያቋርጡ።

መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ለመንቃት ካስቸገረ፣ ከተደናገረ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እንዲሁም የሚያጠባ ሕፃን ከወትሮው በላይ ከተኛ ወይም መጥባት ካቃተው ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት።