ነጩ ነጠብጣብ

ወንድሜ ሆይ፣ ሾኔ ላይ ባለቤትህ ባጃጁን በጉድጓድ ውኃ አጥባ ነጭ ነጠብጣብ ቢቀርበት፣ «በደንብ አላጠብሽውም» ለማለት አትቸኩል። (ቃሉ ካመለጠህ ይቅርታ ጠይቃት።) ጥፋቱ የውኃው ነው፤ ፀሐይ ሲያደርቀው በውስጡ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ቀለሙ ላይ ይቀራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውም ይኸው ነው።

በአመድ ወይም በአሸዋ አትፈትገው፤ ቀለሙ ይጫጫራል። አቼቶ ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅለህ፣ ጥላ ሥር በለስላሳ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አርጥበው። ከዚያ በብዙ ውኃ አለቅልቀህ ወዲያው አድርቀው። የመኪና ሰም የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድመህ ከቀባህ ነጠብጣቡን ከሥሩ ታስቀረዋለህ። ስስ አድርገህ ቀባው፤ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ወልውለው።

በሚቀጥለው ጊዜ አብራችሁ እጠቡት፤ እርሷ ስታለቀልቅ አንተ ከኋላ ከኋላዋ አድርቅ።