ዘጠኝ ጥያቄና የሆድ ነገር

ድባቴን፣ ማለትም ከተለመደው ኀዘን ከብዶና ሰንብቶ ሰውን ከሥራውና ከወዳጁ የሚነጥለውን የአእምሮ ሕመም፣ በዘጠኝ ጥያቄ ነጥብ ለይቶ ማወቅ ይቻላል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ የጤና ጥናቶች ውስጥ ሥር ሰዷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ይፋ የሆነው ይህ ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት እያነሣ ለእያንዳንዱ ምልክት ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 10 ከደረሰም ተጠያቂው ድባቴ እንዳለበት ይጠረጠራል። ጥርጣሬው ግን ማጣሪያ ነው፤ ማጣሪያ ደግሞ ሐኪም ሊያየው የሚገባውን ሰው ይጠቁማል እንጂ ለሕመሙ ስም አይሰጥም። ሪፖርቱ ሲጻፍ ይህ ልዩነት ይረሳና «ይህን ያህል በመቶ ድባቴ ተገኘ» ይባላል።

ለዓረፋ በዓል ስለቱን ሊያደርስ የሼክ ሁሴን መቃብር ወዳለበት ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ሄዶ፣ የተሳላሚ ባላ በትሩን እንደያዘ ወደ ባሌ ደጋ በእግሩ የተመለሰ ገበሬ በዚህ መጠይቅ ቢመዘን ውጤቱን መገመት አይከብድም። ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባትና የምግብ ፍላጎት ማጣት «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ከተባሉ 9 ነጥብ ይሆናሉ፤ ሐሳብ መሰብሰብ ጥቂት ቀን ካስቸገረው አሥሩ ሞላ፣ መንገደኛውም በሽተኛ ሆነ። በአንጻሩ ልጇን ቀብራ ዓመት ሙሉ ከሰው የራቀች እናት ተስፋ መቁረጥ ይሰማት እንደሆነ ስትጠየቅ፣ ፈጣሪን ማማረር ነውር ነውና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ታልፈዋለች። በኦሮምኛ ገራ፣ በአማርኛም ሆድ፣ የኀዘን ማደሪያ ነው፤ እርሷም ሆዴን ስትል የጨጓራ መድኃኒት ይታዘዝላታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የኔዘርላንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕመም ማጣሪያ ጥያቄዎች በኢትዮጵያ ሲጠየቁ ተጠያቂው ጥያቄውን የተረዳበት መንገድና መልሱን የሚሰጥበት ዓላማ ውጤቱን እንደሚያዛባ አሳይቶ ነበር። ዘጠኙ ጥያቄዎችም በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተፈትነው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ውጤት፣ በ10 ነጥብ መስፈርት ድባቴ ከሌለባቸው መካከል በትክክል የተለዩት 67 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህም ድባቴ ከሌለባቸው ከሦስት ሰዎች አንዱን በስሕተት መጠርጠር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ እንደ ሼክ ሁሴን ያለ መቃብርን መሳለም ሕክምናን ይተካል የሚል ካለ እርሱም ተሳስቷል፤ ሕመሙ እውነት ነው፣ መድኃኒትም አለው። ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ ሆድን ምን እንደነካው ይጠይቅ፤ ጊዜ ካጣም ድምሩን ድምር ብሎ ይጻፈው፣ ድባቴ አይበለው።