የመርከብ ጉዞ የመጀመሪያ ቀን ምሳ

በመርከብ ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚነሡ ወገኖች «በመጀመሪያው ቀን ምሳ የት እንብላ?» እያሉ ይጠይቁናል።

በትልልቅ መርከቦች የተሳፈረው ሁሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ቡፌ ይጎርፋል፤ እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ ይረዝማል፣ መቀመጫም ይጠፋል። በአንዳንዶቹ ግን በታችኛው ፎቅ ያለው ዋናው የምግብ አዳራሽ በዚያው ሰዓት ክፍት ነው፤ ስንሳፈር ሠራተኞቹን እንጠይቅ። በዚያ ተቀምጦ መስተናገድ ለአረጋውያን ዕረፍት ነው፤ ለጿሚም ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበትን ምግብ ከአስተናጋጁ ጠይቆ ለመለየት ይመቻል። ሻንጣችን ወደ መኝታ ክፍል ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል መድኃኒትና ፓስፖርት ከእጃችን አይለዩ።

ከምሳ የሚቀድም ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ዕለት ከተሳፈሩት ብዙዎቹ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር። ዛሬ ልምምዱ መርከብ ከመነሣቷ በፊት ወይም እንደተነሣች ወዲያው ይደረጋል። እንግዲህ ጥሪው ሲሰማ ከማዕዱ እንነሣ፤ ምሳው ይቆየናል።