«ቶታሊ» የሞላው ገፈርሳ

ክረምቱ ሲያበቃ በቡራዩ በኩል ገፈርሳን የተመለከተ ሰው፣ ውሃው እስከ አፉ ደርሶ እንደሆነ፣ «ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቷል» ይላል። ዛሬ ዛሬ ግን በዚያው መንገድ የሚመላለሰው ተማርኩ ባይ «ቶታሊ ሞልቷል» ማለትን መርጧል። የሱሉልታ ቆፈን አጥንቱን ሰርስሮ ሲገባበት «ሶ ይበርዳል» ይላል። ድቅድቁ ጨለማ፣ ጥርት ያለው ሰማይ፣ ሙልጭ ያለው ደሃ፣ ጥንብዝ ያለው ሰካራም ሁሉ በአንድ «ቬሪ» ይሰፈራሉ። ጤፍንም አቡጀዲንም በአንድ ቁና ልስፈር የሚል ነጋዴ ቢነሳ ገበያተኛው በሳቀበት ነበር።

ይህን አጉል ልማድ «ቋንቋ ያድጋል፣ ቃል ይዋሳል» በሚል ሽፋን የሚከላከሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ አማርኛ ተውሷል፤ ወደፊትም ይዋሳል። ፋብሪካን ተቀብሎ ስሙን መግፋት አይቻልም። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚም ለሳይንስና ለቴክኒክ ቃላት አቻ ሲፈልግ የደከመው የጎደለውን ለመሙላት ነበር። «በጣም» እና «እጅግ» ጎድሎት የተቸገረ አማርኛ ተናጋሪ ግን ከቶ የት ታይቶ ያውቃል?

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በገበያም በለቅሶ ቤትም ጎን ለጎን ይነገራሉ። አንዱ ከሌላው ቃል ቢወስድ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት እንደ መጫር ነው። አንዱ «ባይኤ» ሲል ሌላው «በጣም» ይላል፤ የሁለቱም ምድጃ አልጠፋም። ታዲያ «ቶታሊ» የማንን እሳት ሊያቀጣጥል መጣ?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ነው ይባላል። ሆኖም ፊዚክስን በእንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ «ሪሊ፣ ሪሊ» አይልም፤ እንዲያውም ቃሉን የሚያበዛው ብዙውን ጊዜ ፊዚክሱን ያልጨረሰው ነው።

ጉዳቱ ጌጥ ከማጣት ያለፈ ነው። «አጥብቄ ለመንኩ»፣ «አጥብቃ ለመነች»፣ «አጥብቀው ለመኑ» ሲባል መጠን ገላጩ ቃል ራሱ ከለማኙ ጋር ይረባል፤ የደከመው ማን እንደሆነ በቃሉ ውስጥ አለ። «ፈጽሞ» እና «ጨርሶ» ከመፈጸምና ከመጨረስ የተወለዱ ናቸውና ነገሩ ዳር መድረሱን ይመሰክራሉ። «ቶታሊ» ከማንም ጋር አይረባም፤ ዳር ቆሞ የሚያይ እንግዳ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ቃሉ ለማይገባው ሰው ሲነገር ነው። ሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ እጁ የተጎዳ ወጣት እናት ሐኪም ፊት ቀርባ «እማማ፣ ልጅዎ ኦልሞስት ድኗል» ብትባል ምን ይዛ ትመለሳለች? የመጣችው መጠኑን ልትጠይቅ ነው። «ሊድን ጥቂት ቀርቶታል» ቢሏት ጥቂቱን ትጠብቃለች። «በመጠኑ ተሽሎታል» ቢሏት ገና ብዙ መመላለስ እንዳለባት አውቃ ስንቋን ታሰናዳለች። «ከሞላ ጎደል» ቢሏት እንኳ፣ ቃሉ የሞላውንም የጎደለውንም አብሮ ይዟልና፣ «የጎደለውስ ምኑ ነው?» ብላ መልሳ ትጠይቃለች። «ኦልሞስት» ሲሏት ግን አለማወቋን አፍራ፣ እጅ ነስታ ትወጣለች።