ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ



በአገራችን ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። በዚህ ምርቃት ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛው በቁም የሚረዳ፣ ሁለተኛው በሞት ጊዜ የሚቀብር ሰው ማግኘት ነው። በቀብሩ በኩል ዕድራችን ይመስገን፤ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ዕቃ ያቀርባል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ነገር ግን ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀልና ጎረቤቱ ወደየሥራው ሲመለስ፣ በሟቹ ደመወዝ ይተዳደር የነበረው ቤተሰብ ወር በደረሰ ጊዜ ምን ይበላል? ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ይህ ነው።

ጡረታ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን 60 ዓመት ሞልቶት ከሥራ የተሰናበተ አዛውንት ነው። ቃሉ ግን የመጣው መጦር ከሚለው ነው፤ የሚጦረውም ሠራተኛው ብቻ አይደለም። ሠራተኛው የሞተ እንደ ሆነ፣ እርሱ ይረዳቸው ለነበሩት ሰዎች የጡረታው አበል በእርሱ ፈንታ ጧሪ ይሆናል። እነዚህን ሰዎች ሕጉ «ተተኪዎች» ይላቸዋል።

ይህን ነገር በቅርብ እንዳጠናው ያደረገኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ልጁ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ ከክፍል እየጠፋ አስቸገረኝ። ጠርቼ ብጠይቀው አባቱ በሕመም መሞቱንና እናቱ ማንበብ ስለማትችል ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚያደርሳት እርሱ መሆኑን ነገረኝ። አባትየው በአንድ የግል ድርጅት የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ከ17 ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ከ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የጡረታ መዋጮ በየወሩ ሲቆረጥበት ኖሯል። ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? ሹፌሩ ሥራ ሲጀምር በሞላው ቅጽ ላይ «ያላገባ» ብሎ ጽፎ ነበር። በዚያን ጊዜ እውነት ነበር። ኋላ ግን በሽማግሌ አገባ፣ ሁለት ልጆች ወለደ፣ አሮጊት እናቱንም ከገጠር አምጥቶ ይረዳ ጀመር፤ ቅጹን ግን ያረመው የለም። ሚስቲቱ የሠርግ ፎቶግራፍ እንጂ የጋብቻ ወረቀት አልነበራትም፤ የልጆቹም ልደት አልተመዘገበም። ምስክር ተቆጥሮ፣ ፍርድ ቤት ተመላልሶ፣ ከስምንት ወር በኋላ አበሉ ተፈቀደ። ልጁ ግን በዚያ ዓመት ከክፍል ክፍል ሳያልፍ ቀረ።

እንግዲህ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። ለመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የወጣው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን የራሳቸውን አዋጅ ያገኙት በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት፣ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ወጡ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥር 1267 እና 1268 በእነርሱ ቦታ ተተኩ። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ።

ተተኪዎቹ ሦስት ወገን ናቸው። የመጀመሪያዋ የሟቹ ሚስት፣ ወይም ሟቿ ሴት እንደ ሆነች ባልዋ ነው። ሁለተኛዎቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ናቸው፤ የ2003ቱ አዋጆች ወሰኑን 18 ዓመት፣ አካል ጉዳተኛ ለሆነ ልጅ 21 ዓመት አድርገውት ነበር። ሦስተኛዎቹ በሟቹ ርዳታ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ይኖሩ የነበሩ እናትና አባት ናቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እናት መሆን ብቻውን አይበቃም፣ ልጅዋ ይጦራት እንደ ነበር መታወቅ አለበት።

ወርኃዊ አበል እንዲከፈል ሟቹ የጡረታ አበል ይቀበል የነበረ፣ ወይም ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በሥራ ላይ ሳለ የሞተ መሆን አለበት። ሞቱ በሥራ ምክንያት ከደረሰ ጉዳት የመጣ ከሆነ ግን የአገልግሎት ዘመኑ አይጠየቅም። 10 ዓመት ሳይሞላው በሌላ ምክንያት የሞተ ሰው ቤተሰብ የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ነው።

ስለ አከፋፈሉ የ2003ቱ አዋጆች ያወጡትን ድልድል በምሳሌ ላሳያችሁ። የሟቹ አበል በወር 2000 ብር ነው እንበል። ለሚስት 50 ከመቶ፣ ማለት 1000 ብር፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ከመቶ፣ ማለት 400 ብር፤ ለእናት 15 ከመቶ፣ ማለት 300 ብር ይታሰባል። ሁለት ልጆች ካሉ ድምሩ 2100 ብር ይሆናል። ነገር ግን የተተኪዎች ድምር ከሟቹ አበል ሊበልጥ ስለማይችል፣ ከየድርሻቸው እየተቀነሰ 2000 ብር ላይ ይቆማል። አባትም እናትም የሞቱበት ልጅ ድርሻ ወደ 30 ከመቶ ከፍ ይል ነበር። የራሱን ቤተሰብ ድርሻ ማስላት የሚፈልግ ሰው ግን በ2014ቱ አዋጅ ያሰላ።

ከአንባብያን አንዱ «እኔ በሽማግሌ ነው ያገባሁት፤ የእኔ ትዳር አይቆጠርም ማለት ነው?» ይል ይሆናል። ይቆጠራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመውን ጋብቻ ሁሉንም ይቀበላል። የሚቸግረው ማስረዳቱ ነው። ባልየው በሕይወት ሳለ ባልና ሚስት ቀርበው የሚያስመዘግቡት ጋብቻ፣ ከሞተ በኋላ ግን በፍርድ ቤት ምስክር የሚጠራበት ጉዳይ ይሆናል። ምስክሮቹም ያረጃሉ፣ ይርቃሉ፣ ይሞታሉ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ደመወዝተኛ የሆናችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሂዱና ማኅደራችሁን አስወጥታችሁ እዩ። የባለቤታችሁ ስም ተጽፏልን? ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆችስ? የምትረዷቸው እናትና አባት ተመዝግበዋልን? ስማችሁ በመታወቂያው፣ በጋብቻው ወረቀትና በማኅደሩ ላይ አንድ ዓይነት ነውን? አንዲት ፊደል ብትለያይ ስንት ቀን እንደምታመላልስ ያየው ያውቀዋል። ጋብቻችሁንና የልጆቻችሁን ልደት አስመዝግቡ፤ የምስክር ወረቀቶቹም የት እንደሚቀመጡ ባለቤታችሁ ትወቅ።

አንዳንድ ሰው ስለ ሞት አስቀድሞ ማሰናዳትን ሟርት አድርጎ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ዕድር የምንገባው ማን ሲሞት ነው? በየወሩ ለቀብራችን የምናዋጣ ሰዎች፣ ከቀብራችን በኋላ ለሚኖሩት አንድ ቅጽ ማረም ሊከብደን አይገባም። ያ ተማሪዬ ዘንድሮ ዘጠነኛን እየደገመ ነው። ትምህርቱ መልካም ነው፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል።