ጨዋማ መሬትና የከብት መኖ

ጨው በአገራችን የተከበረ ነገር ነው። ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋ ይወጣ የነበረው አሞሌ ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ይሁን እንጂ ለገበታ በረከት የሆነው ጨው በማሳ ላይ ሲበዛ የገበሬ ጠላት ይሆናል። በኢትዮጵያ በጨው የተጎዳው መሬት ወደ 11 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚደርስ ይገመታል። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን መሬት «ሞቷል» ብለው ይተዉታል። በእኔ አስተያየት ግን ጨው የሚቋቋም ሣር ተዘርቶበት ከብት ሊመገብበት ይገባል። ምክንያቶቼን መዝኑና ፍረዱ።

በመጀመሪያ የችግሩን ምንጭ እንመልከት። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ አካባቢ ያለው ሜዳ ቀድሞ የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽ ነበር። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተጠናቀቀና የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በወንዙ ዳር ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ተስፋፉ። ለጥጡ ከሚያስፈልገው በላይ የተለቀቀው ውሃ ወደ ታች ሰረገ፤ በቂ ማጠንፈፊያ ቦይ ስላልነበረም የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እያለ ወደ ላይ ተጠጋ። የቆላው ፀሐይ ውሃውን ሲያተነው ጨው ብቻውን በአፈሩ ገጽ ላይ ቀረ። ጥጥ ከብዙ ሰብሎች ይልቅ ጨው የሚችል ተክል ነው፤ እርሱም እንኳ ያቃተው ማሳ እየተተወ ሄደ።

ጨው በበዛበት አፈር ላይ ያለ ተክል በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል፤ ጨው ውሃውን ይዞ ለሥሩ አይለቅለትምና። ቦሎቄ ቶሎ ይሸነፋል፤ ገብስ የተሻለ ይታገሣል። ሮደስ የተባለው የመኖ ሣር ደግሞ የገባበትን ጨው በቅጠሉ በኩል ያስወጣል። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል እንዲህ ያሉትን የመኖ ተክሎች በአዋሽ ሸለቆ ሲመረምር ቆይቷል። በፓኪስታንም የፑንጃብ ገበሬዎች ካላር በተባለ ሣር በጨው የተጎዳ መሬታቸውን ይጠቀሙበታል። ከዚህም በላይ ሣሩ መሬቱን ሲሸፍነው ትነቱ ይቀንሳል፤ ሥሩም አፈሩን ስለሚከፍተው ውሃ ጨውን ወደ ታች አጥቦ ለማውረድ ይመቸዋል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው፣ ጨው የሚችል ተክል ሁሉ አይጠቅምም የሚል ነው። እውነት ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው ባዕድ ዛፍ ጨውንም ድርቅንም ስለሚችል ወደ አፋር ገባ፤ ዛሬ ግን የግጦሹን ሜዳ በእሾሁ አጥሮ ይዟል። እንደ አትሪፕሌክስ ያሉ ቍጥቋጦዎችም ቅጠላቸው ጨዋማ ስለሆነ ከሌላ መኖ ጋር ካልተቀላቀሉና ከብቱ በቂ ውሃ ካላገኘ ይጎዳሉ። ይህ ግን በምርጫ መጠንቀቅን እንጂ ሥራውን መተውን አያስተምርም። ሁለተኛው፣ መድኃኒቱ ማጠንፈፊያ ቦይ እንጂ ሣር አይደለም የሚል ነው። ቦይ መቆፈር የግድ መሆኑን አልክድም፤ ያለ ቦይና ያለ ውሃ ቍጠባ ሣሩም ውሎ አድሮ ይሸነፋል። ነገር ግን የቦዩ ሥራ ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። ከብት ግን ቦዩ እስኪያልቅ ድረስ ጾሙን አይጠብቅም።

ከሁሉ በላይ ግን የፍትሕ ነገር አለ። ያ መሬት በደህናው ጊዜ ከአርብቶ አደሩ ተወስዶ ለጥጥ ዋለ፤ ለአርብቶ አደሩ የተረፈው ጨዉ ነው። ስለዚህ በመሬቱ ላይ ሣር ሲበቅል የመጀመሪያው ተጠቃሚ መሆን የሚገባው የአፋሩ ከብት ነው። ሣሩ ታጭዶ ወደ ከተማ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ግን የቀድሞው በደል በሌላ መልክ ይደገማል።

በባምባሲ የምትማሩ ልጆች «ይህ እኛን ምን ያገባናል?» ትሉ ይሆናል። በእናንተ አካባቢ ዝናቡ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ ጨው በአፈሩ ላይ አይከማችም። የዝናብ ብዛት ግን የራሱን ጉዳት ያመጣል፤ የአፈሩን ገንቢ ንጥረ ነገሮች እያጠበ መሬቱን አሲዳማ ያደርገዋል። ስለሆነም በአዋሽ ቦይና ሣር እንደሚያስፈልግ፣ አሲዳማ በሆነ ማሳም ኖራና አሲድ የሚችል ሰብል ያስፈልጋል። የመሬቱ ሕመም ይለያያል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። መሬት ከመተዉ በፊት ሕመሙ ይመርመር፤ ምክንያቱ ይወገድ፤ እስከዚያውም የሚስማማው ተክል ይዘራበት።

መልመጃ

1. ጸሐፊው የተቃዋሚዎቹን አሳብ በየትኛው አንቀጽ አቀረበ? በከፊል የተቀበለው የትኛውን ነው?
2. «ጨው» ከሚለው ስም «ጨዋማ» የሚል ቅጽል ወጥቷል። በዚሁ ስልት «ሣር»፣ «ድንጋይ» እና «ተራራ» ከሚሉት ስሞች ቅጽል አውጥታችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
3. በአካባቢያችሁ ስለተተወ ወይም ስለደከመ መሬት አስተያየታችሁን በሦስት አንቀጽ ጻፉ።